ምዕራፍ ሰባት፦ ቀለምና ጎረቤቱ

ለንደን ውስጥ፣ ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ባለው ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር፣ ቁመቱ 88 ወርዱ 93 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ሥዕል አለ። ስፋቱ ከአንድ ተራ መስኮት አይበልጥም። የሣለው ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ ነው፤ የሣለበት ዓመት 1899 ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሥዕሉ ላይ ያለው የራሱ የሠዓሊው ኩሬ ነው። በኩሬው ላይ እንደ ቀስት የጎበጠ የእንጨት ድልድይ ተዘርግቷል፤ ከድልድዩ በታች ፈረንሳዮች ኒምፌያ የሚሏቸው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ አበቦች አሉ፤ ዙሪያውን አኻያና ሣር ሞልቶታል።

እጅዎን ቢዘረጉ እስኪደርሱበት ድረስ ጠጋ ብለው ቢያዩት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያገኙም። የሚያዩት የተለጠፈ ቀለም ነው። አረንጓዴ፣ ከአጠገቡ ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር ሐምራዊ ጭረት፣ እዚህም እዚያም እንደ ሊጥ ጠብ ያለ ነጭና ሮዝ። አበባ የሚባል ነገር የለም፤ ቅጠልም የለም። አሁን ወደ ኋላ ይራመዱ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እርምጃ። ውሃው ይተኛል፤ አበቦቹ ከውሃው ላይ ብቅ ይላሉ፤ ድልድዩ ክብደት ያገኛል፤ ከሰዓት በኋላ ያለ የበጋ ሙቀት ይሰማል። ሥዕሉን የነካው ማንም የለም። የተለወጠው እርስዎ የቆሙበት ቦታ ብቻ ነው። ታዲያ ኩሬው ያለው የት ነው?

ባለፉት ምዕራፎች የመጣንበትን መንገድ ያስታውሱ። በምዕራፍ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንን ተመልክተናል። በእነዚያ ሥዕሎች የቅዱሱ ፊት ላይ ጥላ የለም፤ ብርሃኑ ከቀኝም ከግራም አይመጣም፤ ጧት ይሁን ማታ አይታወቅም። ይህ የችሎታ ማነስ እንዳልሆነ፣ ሠዓሊው ሊያሳይ የፈለገው የማይጠልቀውን ብርሃን እንደሆነ ተነጋግረናል። በምዕራፍ ስድስት ደግሞ የጣሊያን ሠዓሊዎች በአንድ ነጥብ ላይ በሚገናኙ መስመሮች ርቀትን እንዴት እንደፈጠሩ አይተናል። ሁለቱ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። በሁለቱም ዘንድ ጌታው መስመር ነው። ቀለም እስካሁን የኖረው መስመር ቆርጦ የሰፋለትን ልብስ ለብሶ ነው።

ሞኔ ኩሬው ዘንድ ሲደርስ መስመር ከዙፋኑ ወርዷል። በዚህ ምዕራፍ የምንይዘው ሐሳብም አንድ ብቻ ነው፤ ቀለም ብቻውን አይኖርም። አንድ ቀለም ምን መስሎ እንደሚታይ የሚወስኑት አጠገቡ የተቀመጠው ቀለምና በላዩ ያረፈው ብርሃን ናቸው።

ከሽሮ ሜዳ እንነሣ

ለዚህ ሐሳብ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሽሮ ሜዳ ላይ ሁለት ነጠላ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ያገኛሉ እንበል። የሁለቱም ጥለት ቀይና አረንጓዴ ነው። የአንደኛው ጥለት ሰፋፊ ነው፤ ሁለት ጣት የሚያህል ቀይ፣ ሁለት ጣት የሚያህል አረንጓዴ። የሌላው ጥለት ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ አንድ ክር ቀይ፣ አንድ ክር አረንጓዴ እየተፈራረቀ ተሠርቷል። ከሱቁ ይውጡና መንገዱን ተሻግረው ዘወር ይበሉ። ሰፊው ጥለት ከቅርብ ካዩት ይልቅ ይነድዳል፤ ቀዩ ይበልጥ ቀልቷል፣ አረንጓዴው ይበልጥ ለምልሟል። ቀጭኑ ጥለት ግን ቀይም አረንጓዴም መሆኑ ቀርቶ ወደ ደበዘዘ ቡናማ አድልቷል።

ክሩ አንድ፣ ማቅለሚያው አንድ፣ ፀሐዩ አንድ። ልዩነቱን ያመጣው የጉርብትናው ዓይነት ነው። ቀለማት ስፋት ኖሯቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይፎካከራሉ፤ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። ዓይን ሊለያቸው እስከማይችል ድረስ ሲቀጥኑ ደግሞ ይዋሐዳሉ። ሸማኔ ይህን በመጽሐፍ አልተማረውም፤ እጁ ያውቀዋል። ገዢዋም ታውቀዋለች። ጥለቱን ከመደብሩ አምፖል ሥር አይታ የማትረካና ይዛው ወደ በሩ የምትወጣ እናት በሕይወትዎ አጋጥማዎት ይሆናል። እርሷ የምታደርገው ሞኔ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገውን ነው፤ ቀለሙን ለመፍረድ መጀመሪያ ብርሃኑን ትመርጣለች።

ነገሩን በሳይንስ መንገድ ያጠናው ሰውም ያጠናው በክር ነው። ሚሼል ኧዠን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1824 ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የሥዕል ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። እዚያ ከቀረቡለት ስሞታዎች አንዱ ጥቁሩ ክር በቂ ጥቁረት የለውም የሚል ነበር። ሼቭረል ከሌላ ቦታ የተነከረ ጥቁር ክር አስመጥቶ አወዳደረ፤ የጎብላኑ ጥቁር ጉድለት አልነበረበትም። ችግሩ ከምንጣፉ ላይ ነበር። ጥቁሩ ክር የተሸመነው ከሰማያዊና ከሐምራዊ ክር አጠገብ ስለሆነ ጎረቤቶቹ ጥቁረቱን ነጥቀውት ነበር። የክሱ ወንጀለኛ ማቅለሚያው ሳይሆን ጉርብትናው ሆኖ ተገኘ። ሼቭረል ግኝቱን ዘርዝሮ በ1839 ወፍራም መጽሐፍ አወጣ፤ መጽሐፉም በሠዓሊዎች ዘንድ ሥር ሰደደ።

ቤትዎ ሆነው ሊሞክሩት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ደማቅ ቀይ ጨርቅ ነጭ ግድግዳ አጠገብ ይዘርጉና ዓይንዎን ሳያንቀሳቅሱ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መካከሉን ትኩር ብለው ይዩት። ከዚያ ዓይንዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ። በባዶው ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ቀመስ የሆነ ጥላ ይታይዎታል። በዓይናችን ጀርባ ቀለምን የሚቀበሉ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። ለቀይ የሚነቁት ሳያቋርጡ ሲሠሩ ይደክማሉ፤ ነጩን ግድግዳ ሲያዩ ደካሞቹ ድምፃቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ የሌሎቹ ጎልቶ ይሰማል። ቀይ አረንጓዴን፣ ሰማያዊ ብርቱካናማን፣ ቢጫ ሐምራዊን የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። እነዚህን ጥንዶች ተቃራኒ ቀለማት እንላቸዋለን። ለሠዓሊ ግን ተቃራኒ ማለት ጠላት ማለት አይደለም። ቀዩን ቀይ የሚያደርግለት አረንጓዴው ነው።

ጥላ ጥቁር አይደለም

በጥምቀት ጧት ነጭ የለበሰ ሕዝብ በዛፍ ጥላ ሥር ሲያልፍ ልብ ብለው ያዩ እንደሆነ፣ ፀሐይ ያረፈበት ነጠላ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ጥላ ያረፈበት ደግሞ በግልጽ ሰማያዊ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥላ ውስጥ የፀሐይዋ ቀጥተኛ ብርሃን ይከለላል እንጂ ሰማዩ አይከለልም፤ ስለዚህ ልብሱን የሚያበራው የሰማዩ ሰማያዊ ብርሃን ነው። እኛ ግን ሰማያዊ ነጠላ አየሁ ብለን አናውቅም። ነጭ መሆኑን ስለምናውቅ ነጭ አድርገን እናየዋለን። ዕውቀታችን ዓይናችንን ይቀድመዋል።

ጀበናም እንዲሁ ነው። ጀበና ምን ዓይነት ነው ቢባል ጥቁር እንላለን። ጧት መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ጀበና ግን ሆዱ ላይ የመስኮቱን ሰማያዊ፣ ከሥሩ የፍሙን ቀይ፣ በጎኑ የቄጤማውን አረንጓዴ ይዟል። እውነተኛ ጥቁር ቦታው ከአንድ ሳንቲም የሚሰፋ ላይሆን ይችላል። የሞኔና የጓደኞቹ ትግል ይህን «አውቀዋለሁ» የሚለውን ልማድ ከዓይን ላይ ማንሣት ነበር። ጥላን ለመሣል ጥቁር መቀባት ትተው ሰማያዊና ሐምራዊ ቀቡ። ተመልካቹን በመጀመሪያ ያበሸቀው ይህ ነው፤ ያየው የጠበቀውን ሳይሆን ያለውን ነበርና።

ይህን ለማድረግ ሠዓሊው ከቤት መውጣት ነበረበት። በ1840 ፓሪስ ተወልዶ በለ ሃቭር ወደብ ያደገው ሞኔ በልጅነቱ ሰዎችን በሚያስቅ መልክ እየሣለ ይሸጥ ነበር። ከዚያ የሚልቅ ነገር እንዳለ ያሳየው ኧዠን ቡደን የተባለ የባሕር ዳርቻ ሠዓሊ ነው፤ ይዞት ወጥቶ ከሰማይ በታች እንዲሥል አደረገው። ለመውጣት ደግሞ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የተለወሰ የዘይት ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ታስሮ ነበር፤ ፊኛው አንዴ ከተበሳ ቀለሙ ይደርቃል፣ ይፈሳል። በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ልክ እንደ ዛሬው የጥርስ ሳሙና ተጨምቆ የሚወጣበትና በክዳን የሚዘጋ የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ። የዘመኑ ኬሚስቶችም ቀድሞ ያልነበሩ ወይም እንደ ወርቅ የሚወደዱ ደማቅ ሰማያዊዎችን፣ አረንጓዴዎችንና ቢጫዎችን በፋብሪካ ማምረት ጀምረው ነበር። በእኔ እምነት ስለ ሞኔና ስለ ጓደኞቹ ሥዕል ሲወራ ይህች ቱቦ የሚገባትን ክብር አግኝታ አታውቅም።

ሜዳ ላይ የወጣ ሠዓሊ አንድ ነገር ወዲያው ይረዳል። ብርሃን ይሄዳል። የሦስት ሰዓቱ ጥላ በአራት ሰዓት የለም። ብሩሹ የሚቸኩለው፣ ጭረቱም አጭርና ያልተላሰ የሚሆነው ፀሐይ ስለማትጠብቅ ነው። በ1874 ሞኔና ጓደኞቹ ፓሪስ ውስጥ የራሳቸውን ትርዒት ሲያዘጋጁ፣ ሞኔ የለ ሃቭርን ወደብ በጭጋግ መካከል ያሳየበትን ሥዕል «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» ብሎ ሰየመው። ኢምፕሬሽን ማለት አንድ ነገር ዓይን ላይ ጥሎት የሚያልፈው የመጀመሪያ አሻራ ነው። ሉዊ ለርዋ የተባለ ጋዜጠኛ ቃሉን ይዞ ለፌዝ ተጠቀመበት፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ኢምፕሬሽኒስቶች ተብለው ይጠራሉ።

ሞኔ የሚሸሸውን ብርሃን ለመያዝ ያገኘው መላ ብዙ ሸራዎችን በአንድ ጊዜ ይዞ መውጣት ነው። በ1890 እና 1891 ከቤቱ አቅራቢያ ያሉ የእህል ክምሮችን ሲሥል ብርሃኑ ሲለወጥ የያዘውን ሸራ አስቀምጦ ለዚያ ሰዓት የሚሆነውን ያነሣ ነበር። በ1891 አሥራ አምስቱን በአንድ ላይ አሳየ። ጎብኚዎች ያዩት አሥራ አምስት የተለያዩ ክምሮችን አልነበረም። ክምሩ ያው ነው፤ የሚለዋወጠው የጧቱ፣ የማታው፣ የበረዶው ቀለም ነው።

ጎረቤቶቹን የመረጠ ሠዓሊ

የእህሉን ክምር ያቆሙት ገበሬዎች ናቸው። በኋላ የሣለውን የሩዋን ካቴድራል ያነጹት የመካከለኛው ዘመን ግንበኞች ናቸው። ኩሬውን ግን ሞኔ ራሱ ሠራው። የዚህ ሥዕል ልዩነት፣ እኔንም ከሌሎቹ ሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ፣ ይህ ነው።

ሞኔ ከፓሪስ በስተ ሰሜን ምዕራብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ዢቨርኒ መንደር የገባው በ1883 ነው። ሚስቱ ካሚ ከሞተች አራት ዓመት ሊሞላት ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆቹን፣ በኋላ የሚያገባትን አሊስ ኦሽዴንና የእርሷን ስድስት ልጆች ይዞ ቤት ተከራየ። ሥዕሎቹ መሸጥ ሲጀምሩ በ1890 ቤቱን ገዛው። በ1893 ደግሞ ከግቢው ፊት ለፊት ከሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ማዶ ረግረጋማ መሬት ገዝቶ፣ ከኤፕት ወንዝ ገባር ውሃ ጠልፎ ኩሬ ለመሥራት ለአውራጃው አስተዳዳሪ ማመልከቻ አስገባ።

መንደሩ ተቃወመ። ውሃው ልብስ የሚያጥቡበት፣ ከብት የሚያጠጡበት ነው፤ ይህ ከሌላ አገር የመጣ ተክል ውሃውን ቢመርዝብንስ አሉ። ስጋታቸው አያስቅም፤ በወንዝ ውሃ የሚኖር ገበሬ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሞኔ ተሟግቶ በመጨረሻ ፈቃዱን አገኘ።

የፈሩት ተክል ኒምፌያ ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ የአውሮፓን ብርድ ችሎ በኩሬ ላይ የሚያድረው የኒምፌያ ዘር ነጭ አበባ ብቻ ነበረው። ላቱር ማርሊያክ የተባለ የደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ አትክልተኛ ነጩን ሞቃት አገር ካሉ ዝርያዎች ጋር እያዳቀለ ብርድ የሚችሉ ቢጫ፣ ሮዝና ቀይ አበቦች አወጣ። በ1889ም በፓሪሱ የዓለም ትርዒት ላይ አቀረባቸው፤ ሞኔ ለኩሬው ከእርሱ ገዛ። ነገሩን በሠዓሊ ዓይን ይዩት፤ ባለቱቦው ራንድ ቀለም ወደ ሜዳ የሚወስድበትን መንገድ ሰጠው፣ ባለአበባው ማርሊያክ ደግሞ ቀለምን ራሱን ውሃ ላይ አንሳፈፈለት። ነጭ አበባ ብቻ ያለበት ኩሬ ሮዙን ከአረንጓዴ፣ ቢጫውን ከሐምራዊ ነጸብራቅ አያጎራብትም ነበር።

ድልድዩን ያሠራው በጃፓን አሠራር ነው። ሞኔ የጃፓን የእንጨት ላይ ሕትመት ሥዕሎችን የሚሰበስብ ሰው ነበር፤ የቤቱ ግድግዳ በእነርሱ ተሞልቶ ነበር። ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያሉ የአትክልት ስፍራ ድልድዮች ብዙ ጊዜ ቀይ ይቀባሉ። ሞኔ የራሱን አረንጓዴ ቀባው። ምርጫው ቀላል እንዳይመስልዎት። በአረንጓዴ መካከል የቆመ ቀይ ድልድይ ምን እንደሚያደርግ ከሽሮ ሜዳው ጥለት አይተናል፤ ይነድዳል፣ ዓይንን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፣ አበቦቹን ይውጣቸዋል። አረንጓዴው ድልድይ ግን ከቅጠሉ ጋር ስምም ሆኖ ብርሃን ሲመታው ብቻ ወደ ሰማያዊ ፈቀቅ ይላል።

ዙሪያውን አኻያ፣ ቀርከሃና አይሪስ ተከለ። በቤቱ በኩል ያለውን የአበባ ስፍራም አበቦቹን እንደ ቀለማቸው እየመደበ አስተከለ። በኋለኞቹ ዓመታት ስድስት አትክልተኞች ነበሩት፤ ከእነርሱ አንዱ ሥራው ኩሬው ብቻ ነበር። በጀልባ ሆኖ የጠወለገውን ይቆርጣል፣ ቅጠሎቹ ተራርቀው በውሃው ላይ ባዶ ቦታ እንዲተዉ ያደርጋል፣ በላያቸው ያረፈውን አቧራ ያጥባል። መኪና እየበዛ ሲሄድ ከአጠገቡ የሚያልፈው መንገድ አቧራውን ኩሬው ላይ ስላቦነነው፣ ሞኔ በራሱ ገንዘብ መንገዱን ሬንጅ አስቀባው። አቧራ የለበሰ ቅጠል ግራጫ ነው፤ ግራጫ ደግሞ ጎረቤቱን አያበራም።

መሬቱን በ1893 ገዝቶ፣ ጥቂት ቀደምት ሙከራዎችን ትተን፣ ድልድዩንና ኩሬውን በእርግጥ መሣል የጀመረው በ1899 ነው። እስከዚያ ተክሉ እስኪያድግ ጠበቀ። ስለዚህ ሞኔ ያገኘውን ተፈጥሮ እንዲያው ገለበጠ የሚሉትን አልቀበላቸውም። ሸራው ፊት በተቀመጠበት ቀን ከሥራው ግማሹ አልቆ ነበር። በብሩሽ ከማስቀመጡ በፊት እያንዳንዱን ቀለም ከነጎረቤቱ በአካፋና በመቁረጫ አስቀምጦታል።

ድርና ማግ

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስና ቀስ ብለን እናንብበው።

መጀመሪያ ሰማዩን ይፈልጉ። ከላይ የለም፤ የላይኛው ክፍል በዛፍ ተሸፍኗል። በመልክዓ ምድር ሥዕል ሰማይ አለመኖሩ ቤት ያለ ጣሪያ እንደማለት ነው። ብርሃኑ ግን አለ፤ የት እንዳለ ሲፈልጉ ታች ውሃው ውስጥ ያገኙታል። በሸራው የታችኛው ግማሽ ላይ የሚታየው ውሃ ሦስት ነገሮችን በአንድ ገጽ ይዟል። በላዩ የሚንሳፈፈውን አበባ፣ ከዳር የቆመውን አኻያ ነጸብራቅ፣ ከሥር ያለውን ጥልቀት። ማታ በታክሲ መስኮት ወደ ውጭ ያዩ ሰው ይህን ያውቁታል። መስታወቱ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ፤ እዚያው መስታወት ላይ የራስዎ ፊት አለ፤ በፊትዎ ውስጥ ደግሞ የመንገዱ መብራቶች ያልፋሉ። ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ ዓይን ግን በፈለገው ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል። የሞኔ ኩሬ በቆዩበት መጠን የሚንቀሳቀሰው ዓይንዎ በሦስቱ መካከል ስለሚመላለስ ነው።

ቀጥሎ ጭረቶቹ ወዴት እንደሚሄዱ ይመልከቱ። የአኻያውና የሣሩ ነጸብራቅ ከላይ ወደ ታች በሚወርዱ ጭረቶች ተሠርቷል። የኒምፌያው ቅጠሎች ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ በተጋደሙ ጭረቶች። ቁልቁል የሚወርደው ድር ነው፤ አግድም የሚሄደው ማግ ነው። ኩሬው ተሸምኗል ብል ማጋነን አይሆንም። ከጎብላን የክር ስሞታ የተጀመረው ነገር እዚህ ተመልሶ ሽመና ሆኗል።

ያለፈው ምዕራፍ ርቀትስ የት ሄደ? አልጠፋም፤ ተደብቋል። ከፊት ለፊት ያሉት የቅጠል ክምችቶች ሰፋፊ ናቸው፤ ወደ ድልድዩ ሥር እየራቁ ሲሄዱ ይጠባሉ፣ ይሳሳሉ፣ በመጨረሻ የቀለም ክር ይሆናሉ። አንድም የተሠመረ መስመር ሳይኖር ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል።

ከዚያ አረንጓዴውን ይቁጠሩ። ከሩቅ አንድ አረንጓዴ የመሰለው ከቅርብ ቢጫ ቀመስ፣ ሰማያዊ ቀመስ፣ ወደ ቡና ያደላ፣ ወደ ጥቁር የቀረበ አረንጓዴ ነው፤ በመካከሉ ሐምራዊና ሮዝ ጣልቃ ገብቶበታል። ሮዙ ጥቂት ነው፤ ሸራውን ቢለኩት ከትንሽ ክፍል አይበልጥም። ነገር ግን ከቀይ ቤተሰብ ነውና በተቃራኒው በአረንጓዴ ተከቦ መጠኑን የማይመጥን ብርሃን ይሰጣል። ያንኑ ሮዝ በነጭ ሳሕን ላይ ቢጨምቁት ፈዛዛ ሆኖ ያገኙታል።

እዚህ ላይ በብዙ መጻሕፍት የሚደጋገም አንድ ስሕተት ማረም አለብኝ። የኢምፕሬሽኒስቶች ጭረት ዓይን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተዋሕዶ ሌላ ቀለም ይሆናል ይባላል። እንዲህ ለማድረግ የተነሣው ከእነርሱ በኋላ የመጣው ዦርዥ ሱራ ነው፤ እርሱ በደቃቅ ነጥቦች ሣለ። የሞኔ ጭረቶች ግን ለመዋሐድ ሰፊዎች ናቸው። ሁለቱን ነጠላዎች ያስታውሱ፤ የሞኔ ሥዕል በቀጭኑና በሰፊው ጥለት መካከል የቆመ ነው። ጭረቶቹ ሊዋሐዱ ይቃረባሉ፤ አይዋሐዱም። ዓይን አንድ ሊያደርጋቸው ይሞክራል፣ ይለያዩበታል፣ እንደገና ይሞክራል። ውሃው የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለማቱን በሰሌዳው ላይ ለውሶ አንድ አድርጎ ቢቀባቸው ኖሮ ጭቃ ይሆኑ ነበር፤ ኩሬውም ይሞት ነበር።

ዓይኑ ሲለወጥ

ቀለም በነገሩ ላይ ብቻ የተለጠፈ ቢሆን ኖሮ የሠዓሊው ዓይን ቢታመም ሥዕሉ ይደበዝዝ ነበር እንጂ ቀለሙ አይለወጥም ነበር። በ1912 ሐኪሞች ሞኔ የዓይን ሞራ እንዳለበት ነገሩት። ሞራ የዓይን ሌንስን ያደፈርሰዋል፤ ሌንሱም ወደ ቢጫና ቡናማ ሲያደላ ሰማያዊውን ብርሃን ያግዳል። ደካማ ሻይ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ዓለምን እንደማየት ነው። ሞኔ ከ1918 እስከ 1924 ባሉት ዓመታት ያንኑ ድልድይ ደጋግሞ ሣለው፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ቀይ፣ ቡናማና ብርቱካናማ የሚንቀለቀልባቸው፣ ድልድዩ በጭንቅ የሚለይባቸው ናቸው። በ1899ኙ ሥዕል በእርጋታ ካየነው አረንጓዴ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ሰው ሥራ፣ የአንድ ቦታ መልክ ናቸው ብሎ ለማመን ያስቸግራል። ለውጡ ሁሉ ከሕመሙ መጣ ለማለት አልደፍርም፤ ሞኔ በሰባ ዓመቱም አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው ነበር። በ1923 ቀኝ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ግን ሞራው የከለከለው ሰማያዊ በአንድ ጊዜ ተመለሰ፤ ነገር ሁሉ ከመጠን በላይ ሰማያዊ ሆነበትና ባለቀለም መነጽር እያደረገ ለማስተካከል ሞከረ።

ይህን ዓይን ይዞ ትልቁን ሥራውን ቀጠለ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኅዳር 1918 ባበቃ ማግስት ለወዳጁ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዦርዥ ክለማንሶ ጽፎ ለአገሩ ሥዕል እንደሚሰጥ አስታወቀ። ስጦታው እያደገ ሄዶ ሁለት ሞላላ አዳራሾችን የሚከብቡ፣ ሁለት ሜትር ቁመት ያላቸው ስምንት የኒምፌያ ሥዕሎች ሆነ፤ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠሉ ከ90 ሜትር በላይ ይዘረጋሉ። በእነርሱ ላይ ድልድይ የለም፤ የኩሬ ዳር ለማግኘትም ብዙ ይፈልጉታል። የቀረው ውሃ፣ አበባና ብርሃን ነው። ሞኔ ታኅሣሥ 5 ቀን 1926 ዢቨርኒ ውስጥ ሞተ፤ ሥዕሎቹ ያሉባቸው የፓሪሱ ኦራንዥሪ ቤተ መዘክር አዳራሾች ለሕዝብ የተከፈቱት በግንቦት 1927 ነው። አትክልቱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለብዙ ዓመታት ዳዋ ውጦት ቆይቶ፣ ታድሶ ከ1980 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው።

ለንደን ለምትኖሩ አንባቢዎቼና ወደዚያ ለምትሻገሩ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። የብሔራዊው ቤተ መዘክር መግቢያ በነፃ ነው። ገብታችሁ የ1899ኙን ኩሬ ፈልጉት። ከፊቱ ቆማችሁ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት መጀመሪያ ጠጋ በሉ፤ ከዚያ ሮዙ አበባ የሚሆንበትን ቦታ እስክታገኙት ድረስ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተራመዱ።